የምርምር ሪፖርት የውጤት ክፍል እንዴት ይጻፋል? ከቤተ ሙከራ መዝገብ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር

የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚጽፉ የምህንድስና ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሙከራውን ጨርሻለሁ፤ ቁጥሮቹም በእጄ ናቸው። ‹ውጤት› በሚለው ምዕራፍ ውስጥ የሚገባው ግን የትኛው ነው?» ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ሁሉንም በአንድ ቦታ ማስፈሩ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

የውጤት ክፍል የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ምን ተገኘ? ለምን እንዲህ ሆነ፣ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ይስማማል ወይ፣ ለምንስ ይጠቅማል የሚሉት ጥያቄዎች የማብራሪያው ክፍል ድርሻ ናቸው። ድንበሩን ማክበር ያስፈለገው አንባቢ በማብራሪያችሁ ባይስማማ እንኳ ቁጥራችሁን አምኖ እንዲወስድ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማብራሪያውን የተጠራጠረ ሰው ልኬቱንም አብሮ ይጠራጠራል።

በመመሪያው በሙሉ የምንጠቀመው አንድ ምሳሌ ነው። በኮንክሪት ውስጥ ከሲሚንቶው 0፣ 5፣ 10 እና 20 በመቶው በቡና ገለፈት አመድ ተተክቷል እንበል። ከእያንዳንዱ ቅልቅል ጎናቸው 150 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ሦስት ኪዩቦች ተሠርተው በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቀዋል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው ስለሆኑ በማስረጃነት አትጥቀሷቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቤተ ሙከራ መዝገብ፣ በእጅ የተጻፈው ዋናው ቅጂ
- የጥናቱ ዝርዝር ዓላማዎች የሰፈሩበት ገጽ
- የዘዴው ክፍል፣ ረቂቅም ቢሆን
- ኤክሴል ወይም ሌላ የስሌት ፕሮግራም፣ ከጎኑም ካልኩሌተር
- የትምህርት ክፍላችሁ የሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ
- ጥናታችሁን የማያውቅ አንድ ፈቃደኛ አንባቢ

1. ጥሬ መረጃውን ቆልፉ

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ የመጀመሪያውን ገጽ «ጥሬ መረጃ» ብላችሁ ሰይሙት፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቁጥር እንኳ አትንኩበት። ስሌቱ ሁሉ በሌላ ገጽ ላይ ይሠራ። በዚያው ፋይል እያሰላችሁ፣ እያጠጋጋችሁና እየሰረዛችሁ ከሄዳችሁ ፈታኝ «ይህ 27.7 ከየት መጣ?» ሲላችሁ የምታሳዩት መነሻ አይኖራችሁም።

ከማሽኑ የተነበበውን እንዳለ መዝግቡ። በምሳሌያችን ማሽኑ የሚያሳየው ኪዩቡ የተሰበረበትን ጭነት በኪሎኒውተን ነው፦

- 0 በመቶ አመድ፦ 648፣ 671፣ 639
- 5 በመቶ አመድ፦ 655፣ 642፣ 668
- 10 በመቶ አመድ፦ 625፣ 608፣ 634
- 20 በመቶ አመድ፦ 512፣ 547፣ 493

ማስጠንቀቂያ፦ ቀንና ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። በመዝገቡ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፋችሁት ቀንና ማሽኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ያተመው ቀን በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ የኮንክሪቱ ዕድሜ ይዛባል። የሰዓትም ነገር እንዲሁ ነው፤ እናንተ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያላችሁትን መሣሪያው 10 ብሎ ይመዘግበዋል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና የትኛው እንደሆነ በሠንጠረዡ ርዕስ ላይ ጻፉት።

2. ቅደም ተከተሉን ከዓላማዎቹ ውሰዱ

ብዙ ሪፖርት ሙከራው በተሠራበት ቀን ቅደም ተከተል ይጻፋል። አንባቢ ግን የሚፈልገው የሥራ ማስታወሻችሁን ሳይሆን በመግቢያው ላይ ለገባችሁት ቃል የተሰጠውን መልስ ነው። ዝርዝር ዓላማዎቹን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚመልሰውን ልኬት አስቀምጡ። «አመዱ በኮንክሪቱ ለሥራ መመቸት ላይ ያለውን ተጽዕኖ መለካት» ለሚለው የስለምፕ (ትኩስ ኮንክሪት ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚረጋ የሚያሳይ) ልኬት፣ «ግፊት የመቋቋም አቅሙን መለካት» ለሚለው የኪዩቡ ውጤት ይሆናል።

ይህን ስታደርጉ ሁለት ነገሮች ይገለጣሉ። ልኬት የሌለው ዓላማ ካለ ከአማካሪያችሁ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት። ዓላማ የሌለው ልኬት ካለ ደግሞ ወደ አባሪ ይሂድ።

3. አስሉ፤ ማጠጋጋቱን ለመጨረሻ አቆዩት

የኪዩቡ ገጽ ስፋት 150 በ150፣ ማለትም 22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 648 ኪሎኒውተን 648,000 ኒውተን ስለሆነ ለ22,500 ሲካፈል 28.8 ሜጋፓስካል (ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር) ይሰጣል። ከየቅልቅሉ አንዱን ስሌት በካልኩሌተር ደግማችሁ ሥሩት። በኤክሴል ቀመር ውስጥ የገባ አንድ ስህተት ሳይታይ ወደ መላው ዓምድ ይወርዳልና ይህች ትንሽ ማረጋገጫ ብዙ ታድናለች።

አማካዩን ብቻ አትስጡ፤ የናሙናዎቹን ብዛትና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየውን ቁጥር) ጨምሩ። በምሳሌያችን የሚወጣው ይህ ነው፦

- 0 በመቶ፦ 29.0 ሜጋፓስካል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 0.7
- 5 በመቶ፦ 29.1፣ 0.6
- 10 በመቶ፦ 27.7፣ 0.6
- 20 በመቶ፦ 23.0፣ 1.2

ኤክሴል ሁለት ዓይነት የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ቀመር አለው። አንዱ ለመላው ስብስብ፣ ሌላው ለናሙና ነው። ለእናንተ የሚሆነው የናሙናው ነው፤ እርሱ የሚያካፍለው ከናሙናው ብዛት አንድ ቀንሶ ነው። ሦስት ኪዩብ ብቻ ሲኖራችሁ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለ0 በመቶው ቅልቅል ትክክለኛው ቀመር 0.7 ሲሰጥ የተሳሳተው 0.6 ይሰጣል፤ ልኬታችሁንም ከእውነታው የተሻለ የተቀራረበ ያስመስለዋል።

ማጠጋጋቱን በተመለከተ፣ በ10 በመቶው ቅልቅል ላይ የታየውን ቅናሽ ካልተጠጋጉት ቁጥሮች ብታሰሉት 4.6 በመቶ ይሆናል። መጀመሪያ 29.0 እና 27.7 ብላችሁ አጠጋግታችሁ ካሰላችሁት ግን 4.5 ይወጣል። ያኔ በሠንጠረዡ 4.6፣ በጽሑፉ 4.5፣ በማጠቃለያው ደግሞ «5 ገደማ» የሚል ሪፖርት ይፈጠራል። ስሌቱን በሙሉ ቁጥር ሥሩ፤ የምታጠጋጉት ወደ ሠንጠረዡ ስትገለብጡ ብቻ ይሁን።

ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ? መሣሪያው ከሚለየው በላይ አትስጡ። ማሽኑ የሚያነበው በ1 ኪሎኒውተን እርከን ከሆነ አንዷ እርከን 0.04 ሜጋፓስካል ገደማ ናት። ስለዚህ 27.659 ብሎ መጻፍ ያልለካችሁትን እንደለካችሁ መናገር ነው፤ 27.7 ይበቃል።

4. የተለየ ውጤት ሲመጣ አትሰርዙት

ከ10 በመቶዎቹ ኪዩቦች አንዱ በ608 ፈንታ በ471 ኪሎኒውተን ቢሰበርስ? ብዙ ሰው እጁ ወደ መሰረዣው የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ሂሳቡን እንየው። 471 ከገባ አማካዩ 25.6 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ ካልገባ ግን የሁለቱ አማካይ 28.0 ነው። አንዲት ውሳኔ የቅልቅሉን ውጤት፣ ካልተጠጋጉት ቁጥሮች ሲሰላ፣ በ2.3 ሜጋፓስካል አነቃነቀችው። ይህን ያህል የሚያነቃንቅ ውሳኔ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

መጀመሪያ ወደ መዝገቡ ተመለሱ። ኪዩቡ እንዴት ተሰበረ? በአግባቡ የተሰበረ ኪዩብ የተጋለጡት አራት ጎኖቹ በተቀራረበ መጠን ይሰነጣጠቃሉ፤ ማሽኑ የተጫናቸው የላይና የታች ገጾቹ ደግሞ ብዙም አይጎዱም። በአንድ ጎኑ ብቻ ከተሰበረ ኪዩቡ መሃል ላይ አለመቀመጡን ወይም ገጹ አለመስተካከሉን ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለ የተመዘገበ ምክንያት ካለና የተከተላችሁት የፍተሻ ደረጃ ከፈቀደ ናሙናውን ከአማካዩ ማውጣት ትችላላችሁ። ሲወጣ ግን በሠንጠረዡ ግርጌ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «አንድ ኪዩብ በአንድ ጎን ብቻ በመሰበሩ ከአማካዩ ወጥቷል፤ የተመዘገበው ጭነት 471 ኪሎኒውተን ነበር።» ምክንያት ካላገኛችሁለት ይግባ። ከሌሎቹ ጋር አለመመሳሰሉ ብቻውን ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም።

5. ሠንጠረዦችንና ግራፎችን ከጽሑፉ በፊት ሥሩ

ጽሑፉ የሚቆመው በእነርሱ ላይ ስለሆነ ቅድሚያ የእነርሱ ነው። አንባቢ ትክክለኛውን ቁጥር እንዲያገኝ ከፈለጋችሁ ሠንጠረዥ፣ የለውጡን አቅጣጫ እንዲያይ ከፈለጋችሁ ግራፍ ምረጡ። ያንኑ መረጃ በሁለቱም ማቅረብ ቦታ ማባከን ነው፤ ዋናው ግራፍ ከሆነ ሠንጠረዡ ወደ አባሪ ይውረድ።

ሠንጠረዡን በሚመለከት የሚከተሉት ይሟሉ፤ መለኪያው በዓምዱ ራስ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉ ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ እኩል አሃዝ ይኑራቸው፣ የናሙናው ብዛት ይገለጽ። የመሥሪያ ቤታችሁ ወይም የትምህርት ክፍላችሁ መመሪያ ሌላ ካላለ የሠንጠረዥ ርዕስ ከላይ፣ የሥዕልና የግራፍ ርዕስ ከታች ይቀመጣል። ርዕሱ ብቻውን የሚነበብ ይሁን። «ሠንጠረዥ 4.2፦ ውጤት» አንባቢን አይረዳም። «ሠንጠረዥ 4.2፦ በ28 ቀን ዕድሜ የኮንክሪት ግፊት የመቋቋም አቅም በአመድ መጠን፤ ለእያንዳንዱ ቅልቅል 3 ኪዩብ» የሚለው ግን የተሟላ ነው።

6. ግራፉ እንዳይዋሽ አድርጉ

ሦስት ነገሮችን ፈትሹ።

አንደኛ፣ የቋሚ አሞሌ ግራፍ ከሆነ ቋሚው መስመር ከዜሮ ይጀምር። ኤክሴል አንዳንድ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ከፍ ካለ ቁጥር ይጀምራል። ከ27 ቢጀምር የ29.0 አሞሌ ቁመት 2.0፣ የ27.7 አሞሌ ደግሞ 0.7 ይሆናል። ከ5 በመቶ ያነሰው ቅናሽ ለዓይን ሁለት ሦስተኛው የጠፋ ይመስላል። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሥዕሉ አሳሳች መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ አግድሙ መስመር ላይ ያሉት ቁጥሮች ርቀታቸውን ይጠብቁ። የኤክሴል የመስመር ግራፍ 0፣ 5፣ 10 እና 20ን እንደ ስም ቆጥሮ በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል። ከ10 እስከ 20 ያለው ርቀት ከ5 እስከ 10 ካለው ጋር እኩል ስለሚሆን የመጨረሻው ቁልቁለት ከእውነተኛው በላይ ይቆማል። በመስመር ግራፍ ፈንታ ስካተር የተባለውን ምረጡ።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ አማካይ ላይ የመበታተኑን መጠን የሚያሳይ ቋሚ መስመር አክሉ፤ የሚያሳየው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን መሆኑንም በርዕሱ ላይ ግለጹ። ያለዚያ አንባቢ ሌላ ዓይነት ልኬት ሊመስለው ይችላል።

በጥቁርና ነጭ አትማችሁም እዩት። በቀለም ብቻ የተለዩ መስመሮች በፎቶ ኮፒ አንድ ይሆናሉ።

7. ጽሑፉን ጻፉ

ሁሉንም ቁጥር በቃላት አትድገሙት፤ ሠንጠረዡ አለላችሁ። የጽሑፉ ሥራ አንባቢ በሠንጠረዡ ላይ ምን ማየት እንዳለበት ማሳየት ነው። በየአንቀጹ በመጀመሪያ ዋናውን ግኝት፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ከዚያ ከአጠቃላይ አዝማሚያው የወጣ ነገር ካለ እርሱን ጻፉ። የሠንጠረዡ ቁጥር በቅንፍ ይግባ፤ «ሠንጠረዥ 4.2 ውጤቱን ያሳያል» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ምንም አልተናገረም።

በብዛት የሚያጋጥመኝ አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ከሠንጠረዥ 4.2 እንደሚታየው 5 በመቶ የቡና ገለፈት አመድ የኮንክሪቱን ጥንካሬ በከፍተኛ ሁኔታ አሻሽሏል፤ ምክንያቱም በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከሲሚንቶው ውጤቶች ጋር ስለሚዋሐድ ነው። 20 በመቶ ሲሆን ግን ትንሽ ቀንሷል።»

አሁን እንፈትሸው። «በከፍተኛ ሁኔታ» የተባለው ጭማሪ 0.1 ሜጋፓስካል ነው፤ በአንድ ቅልቅል ኪዩቦች መካከል ያለው መበታተን ራሱ 0.6 እና 0.7 ሆኖ ሳለ። «ትንሽ» የተባለው ቅናሽ ደግሞ 20.7 በመቶ ነው። የ10 በመቶው ውጤት ጨርሶ ተዘልሏል፤ የኮንክሪቱ ዕድሜ አልተጠቀሰም። የሲሊካው ነገር በዚህ ሙከራ ያልተለካ ማብራሪያ ነው። ተስተካክሎ ሲጻፍ፦

«በ28ኛው ቀን አመድ የሌለበት ኮንክሪት አማካይ ጥንካሬ 29.0 ሜጋፓስካል ሆኖ ተመዝግቧል (ሠንጠረዥ 4.2)። 5 በመቶ አመድ የገባበት 29.1 ሜጋፓስካል ሲሆን፣ ልዩነቱ በአንድ ቅልቅል ኪዩቦች መካከል ከታየው መበታተን ያነሰ ነው። ጥንካሬው በ10 በመቶ ወደ 27.7፣ በ20 በመቶ ወደ 23.0 ሜጋፓስካል ወርዷል፤ ይህም አመድ ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር በቅደም ተከተል የ4.6 እና የ20.7 በመቶ ቅናሽ ነው። ከአራቱ ቅልቅሎች አማካዩ ከ25 ሜጋፓስካል በታች የሆነው የ20 በመቶው ብቻ ነው።»

ርዝመቱ ጨምሯል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በጣት ወደሚጠቆም ቁጥር ይመራል። «ጥሩ»፣ «አመርቂ»፣ «እጅግ» የሚሉ ቃላት የሉበትም፤ «ምክንያቱም» የሚልም የለበትም። ረቂቃችሁን ከፍታችሁ «ምክንያቱም» እና «ስለዚህ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ያገኛችኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማብራሪያው ክፍል ማዛወር ይኖርባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ አማካዩ 25ን ስላለፈ ብቻ «ሲ-25 ደረጃን አሟልቷል» አትበሉ። ይህ የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ የሚነሳው ከአማካይ ሳይሆን ከባሕርይ ጥንካሬ ነው፤ ይኸውም ከውጤቶች መካከል ከ5 በመቶ የማይበልጡት ብቻ ከርሱ በታች ሊሆኑ የሚችሉበት መጠን ነው። ከሦስት ኪዩብ አማካይ ተነስቶ ደረጃ መስጠት አይቻልም።

8. የስታቲስቲክስ ፍተሻ ካለ በቁጥሩ ተናገሩ

0 በመቶውን ከ10 በመቶው ጋር ብቻ በቲ-ቴስት (የሁለት ቡድኖችን አማካይ በሚያወዳድር ፍተሻ) ብታወዳድሩ የፒ ዋጋው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል) 0.07 ገደማ ይሆናል፤ 0 በመቶውን ከ20 በመቶው ጋር ስታወዳድሩ ግን ከ0.01 በታች ይወርዳል። አራቱን ቅልቅሎች በአንድነት ለማወዳደር ተገቢው አኖቫ የተባለው ፍተሻ ነው፤ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ደጋግሞ መፈተሽ በአጋጣሚ «ልዩነት» የማግኘትን ዕድል ያሳድጋል። በ0.05 ወሰን (የፒ ዋጋው ከዚህ ሲያንስ ልዩነቱ ጉልህ ይባላል) የ10 በመቶው ቅናሽ ጉልህ ሆኖ ካልተገኘ ይኸው ይጻፍ። «ጉልህ ልዩነት አልታየም» ማለት ውጤት ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም። «ልዩነት የለም» ማለት ግን ሌላ ነው። በሦስት ናሙና ብቻ እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የፒ ዋጋን .000 ብሎ ሲያወጣ እንዳለ አትገልብጡት፤ ዋጋው ዜሮ ስላልሆነ «ከ0.001 በታች» ብላችሁ ጻፉ። የፕሮግራሙን ሠንጠረዥ በፎቶ አንስቶ መለጠፍም አይገባም፤ ከዚያ ውስጥ አንባቢ የሚፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ነው።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

በመቶኛና በመቶኛ ነጥብ መካከል ያለው መደባለቅ ከሁሉ ይበዛል። የውኃ መምጠጥ መጠን ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ ካደገ ጭማሪው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከመነሻው አንጻር ግን የ50 በመቶ ጭማሪ ነው። «በ2 በመቶ ጨመረ» ያለ ሰው ሁለቱንም አላለም።

አዲስ ዘዴ በውጤት ክፍል ውስጥ ብቅ ማለቱም የተለመደ ነው። በዘዴው ክፍል ያልተጠቀሰ ሙከራ እዚህ ላይ ውጤቱ ከቀረበ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ዘዴውን አሟሉ። የማሽኑ ፎቶግራፍም ቦታው በዘዴው ክፍል ነው፤ በውጤቱ ውስጥ የሚገባ ፎቶ ካለ የተሰበረው ኪዩብ ነው።

ያልተጠበቀ ወይም ያልተሳካ ውጤትን መተው የከፋው ስህተት ነው። 20 በመቶው ስላልሠራ ብቻ ከሠንጠረዡ ቢወጣ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ሲሚንቶና ያንኑ 28 ቀን ዳግመኛ ያባክናል።

9. ከማስረከባችሁ በፊት

ሪፖርቱን አትማችሁ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ምልክት የምታደርጉት በጥሬ መረጃው ወይም በስሌቱ ገጽ ላይ መነሻውን ካያችሁ በኋላ ብቻ ነው። አጠቃሎ፣ ውጤትና ድምዳሜ ውስጥ የተደገሙ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። በጽሑፉ ያልተጠቀሰ ሠንጠረዥ፣ በሠንጠረዡ የሌለ ቁጥር እንዳይኖር ተመልከቱ።

ከዚያ ሠንጠረዦቹንና ግራፎቹን ብቻ ለይታችሁ ጥናቱን ለማያውቀው አንባቢ ስጡትና «ምን ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ በጽሑፉ ውስጥ ካለው ዋና ግኝት የተለየ ከሆነ ወይ ርዕሱ ጎድሏል ወይ ግራፉ ያሳስታል፤ ወደ ደረጃ 5 እና 6 ተመለሱ።

የአማካሪያችሁን አስተያየት ተቀብላችሁ አንድ ቁጥር ብትቀይሩ እንኳ የምልክት ሥራውን ከመጀመሪያው ድገሙት። በሠንጠረዡ ተስተካክሎ በአጠቃሎው ውስጥ ሳይስተካከል የሚቀረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን የተነካው ነው።